ይስሐቅ የመለሳቸው ስሞች፦ የአምቦ መንገድ የጉብኝት ስፍራዎች ታሪክ ለወንጌል አገልጋይ

በዘፍጥረት 26 ያለው የጉድጓዶች ታሪክ በመድረኮቻችን ላይ ብዙ ተሰብኳል። ፍልስጥኤማውያን አብርሃም ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች አፈር ሞልተው ደፈኗቸው፤ ይስሐቅ እንደገና አስቆፈራቸው፤ በአንዱም በሌላውም ጉድጓድ ጠብ ተነሣ፤ በርኆቦት ግን ስፍራው ሰፋ። ሰባኪዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ርኆቦት እንቸኩላለን። ቁጥር 18 ላይ ግን ዝም ብለን የምናልፋት አንዲት ነገር አለች። ይስሐቅ ጉድጓዶቹን የጠራቸው አባቱ ባወጣላቸው በቀድሞ ስማቸው ነው። አዲስ ስም ሊያወጣላቸው ይችል ነበር፤ ጉልበቱም ሰዎቹም ነበሩትና።

ይህ ጽሑፍ ያችን ቁጥር ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ይጓዛል። መንገዱ ዛሬ የጉብኝት መንገድ ሆኗል። አዲስ ዓለም ማርያም፣ የደንዲ ሐይቅ፣ የጪሊሞ ደን፣ የአምቦ ፍል ውሃ፣ የጉደር ፏፏቴና ትንሽ ወደ ደቡብ ገባ ብሎ የወንጪ ሐይቅ ያሉት በዚህ መስመርና በአካባቢው ነው። የወጣቶች ኅብረቶች አውቶቡስ ተከራይተው ይሄዳሉ፤ መዘምራን ለቀረጻ ይሄዳሉ፤ አገልጋዮች ለጽሞና ይሄዳሉ። እኛ ወንጌላውያን እነዚህን ስፍራዎች የምናይባቸው ዓይኖች ሁለት ብቻ ይመስላሉ። አንዱ «የባዕድ አምልኮ ቦታ ነው፤ አትቅረቡ» ይላል። ሌላው «እንዴት ያምራል!» ብሎ ፎቶ ያነሣል። ሁለቱም ከእኛ በፊት ማን በዚያ እንደ ጠጣ፣ ማን እንደ ጸለየ፣ ማን ስሙን እንዳወጣ አይጠይቁም። ይህን ሳይጠይቅ በዚያ አገር ወንጌልን የሚሰብክ ሰው ደግሞ ሰሚዎቹ የሚያውቁትን ነገር ሳያውቅ ይሰብካል።

ቤተ መንግሥት ሊሆን ተጀምሮ

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟ ራሱ ዕቅዱን ይናገራል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ መናገሻቸውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ያነሣሣቸው የማገዶ እጥረት ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ተመንጥሮ እንጨት ጠፍቶ ነበር፤ ነገሥታቱም ከድሮ ጀምሮ አንድ ስፍራ እንጨቱ ሲያልቅ ነቅለው ወደ ሌላ መሄድ ልማዳቸው ነበር። በዚህ መካከል ባሕር ዛፍ ደረሰ፤ ቶሎ እያደገ የከተማዋን ማገዶና የቤት እንጨት ቻለ፤ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ የኢትዮጵያን መናገሻ ወሰነ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የተጀመረው ግንባታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ደብረ ጽዮንም ተባለ። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ይህን ከነሙዚየሙ ነው። ወረዳው ግን አሁንም ኤጄሬ ይባላል። በአንድ ኮረብታና በዙሪያው ሦስት ስሞች ተደራርበዋል፦ የነዋሪው፣ የንጉሡና የመጽሐፍ ቅዱስ። ይህን መደራረብ ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር ይደጋገማል።

ከአዲስ ዓለም አልፎ ጊንጪ ይገኛል። ከዚያ ወደ ደንዲ ተራራ የሚወጣ ሰው በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ሁለት ክብ ተያይዘው እንደ 8 ቁጥር የሚታይ ሐይቅ ያገኛል። በከተማው አቅራቢያ ያለው የጪሊሞ ደን ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ካልጠፉባቸው ጥቂት የመካከለኛው ደጋ ደኖች አንዱ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚጠብቁበት አሠራር ከተሞከረባቸው የአገሪቱ የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በጊንጪ ተማሪዎች ተቃውሞ ሲጀምሩ ከተነሡት ጉዳዮች መካከል የዚህ ደንና የአንድ ኳስ ሜዳ ጉዳይ ነበረበት። ከዚያ የተቀጣጠለው የአገሪቱን ፖለቲካ እንደ ለወጠ ሁላችን እናውቃለን። ለጎብኚ የዛፍ ጥላ የሆነው ለነዋሪው የግጦሽ፣ የማር፣ የማገዶና የውርስ ጉዳይ ነው።

ሆራ፣ ፍል ውሃ፣ ጠርሙስ

አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቀድሞ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የምዕራብ ሸዋ ዞን መቀመጫ ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው የእርሻ ትምህርት ቤቷ አድጎ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የአዲስ አበባን ብዙ ሕንጻዎች ያለበሰው የአምቦ ድንጋይ ከዚህ አካባቢ ይፈለጣል። ሰውን ወደ አምቦ የሳበው ግን ከሁሉ በፊት ውሃዋ ነው። ከምድር ሥር በእሳተ ገሞራ አገር ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ማዕድን ይሟሟበታል፤ ከጥልቁ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይቀላቀለዋል። ስለዚህ ሳይነኩት ይፈላል፣ ይቆጠቁጣል። ሌላው ምንጭ ደግሞ ሞቆ ይወጣል።

በኦሮሞ አርቢ ዘንድ ማዕድን ያለው ውሃ ሆራ ነው። ከብት ወደ ሆራ ይነዳል፤ ጨውነት ያለውን ውሃ ጠጥቶ ይበረታል፣ ይወፍራል፣ ወተቱ ይበዛል ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ የአምቦ አካባቢ ምንጮች ከመታጠቢያም ከመጠጫም በፊት የከብት ሕክምና ነበሩ። በዚያ ሕይወት ውስጥ ውሃና ምስጋና አይለያዩም፤ ኢሬቻ በክረምት መውጫ በመልካ፣ በበጋ በቱሉ መከበሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ስዊድናዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው የሜጫ ቃሉዎች ጥናት፣ ቃሉ በዚህ አገር የሥልጣንም የአምልኮም ማዕከል እንደ ነበረ ያሳያል። ሴሚናሪያኖቻችን ይህን መጽሐፍ ከሚስዮን ታሪክ ጋር አብረው ቢያስነብቡ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ስብከታችን ያገኘው ሰው ማን እንደ ነበረ የሚነግሩን መጻሕፍት ብዙ አይደሉም።

የምኒልክ ግዛት በ1870ዎቹና 80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ሜጫ ሲዘረጋ ምንጮቹ አዲስ ደንበኛ አገኙ። መኳንንትና የከተማ ሰው ለመታጠብና ለመፈወስ ይመጡ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ደግሞ ውሃው በጠርሙስ ታሸገ። ፋብሪካው ከአምቦ ትንሽ ወደ ምዕራብ በሰንቀሌ ነው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሆነ፤ በኋላ ዳግመኛ የግል ድርጅቶች ገቡበት። ዛሬ በማንኛውም ምግብ ቤት «አምቦ ስጠኝ» የሚል ሰው ጋዝ ያለው ውሃ መጠየቁ ነው፤ የከተማዋ ስም የመጠጥ ዓይነት ስም ሆኗል። ከጨጓራ ሕመም እስከ ድግስ ማወራረጃ የማይታዘዝበት የለም።

በነዚህ ሦስት ደረጃዎች፣ በሆራው፣ በፍል ውሃ ገንዳውና በጠርሙሱ፣ ውሃው ያው ነው። የተለወጠው ወደ ውሃው የሚቀርበው ሰው ነው። ከብቱን የሚነዳው በነጻ ይቀርብ ነበር፤ ገንዳው መግቢያ ይጠይቃል፤ ጠርሙሱ ዋጋ አለው። ይህን የምለው ፋብሪካን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን በዮሐንስ 5 የቤተ ሳይዳውን በሽተኛ ስናስተምር፣ ውሃው አጠገቡ ሳለ የሚያስገባው ሰው ያጣውን ያን ሰው፣ አምቦ ላይ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ስም መሸፈን

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አምቦ ሀገረ ሕይወት ተባለች። ብቻዋን አልነበረችም። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አዳማ ናዝሬት፣ ወሊሶ ግዮን ተብለው ነበር። ለሥነ መለኮት ተማሪ ይህ ዝርዝር ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ናዝሬትና ደብረ ዘይት ከወንጌላት ናቸው፤ ግዮን ከኤደን ወንዞች አንዱ ነው፤ ሀገረ ሕይወትም የመዝሙርን ቋንቋ ያስታውሳል። ስሙ መጥፎ አይደለም። ፈዋሽ ውሃ ላላት ከተማ ከዚህ ያማረ ስም ማግኘት ያስቸግራል፤ ያወጡትም ሰዎች ክብር የሰጡ እንደሚመስላቸው አልጠራጠርም። ሆኖም በአገሩ ሰው ጆሮ የተሰማው ሌላ ነው፦ ቅዱስ መጽሐፍ መጣ፣ የእኛም ስም ተነሣ። ሕዝቡ አምቦ ማለቱን አልተወም፤ በመጨረሻም ስሙ ተመለሰ።

የቋንቋው ጉዳይም በዚሁ ዘመን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ከፈላት፤ የሚስዮኖች የማስተማሪያ ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች በኦሮሞ ከተሞች ላይ ሲጻፉ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ በኦሮምኛ የሚማሩበት በር ጠበበ ማለት ነው።

ከዚህ 40 ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሌላ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደዚህ ምዕራብ ይዞ ሄዷል። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በምፅዋ ነጻ ወጥቶ፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1872 ተጠመቀ። ወደ ወገኖቹ ለመግባት ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሮ ተመለሰ። በዚያ ጥበቃ ዘመን ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ አዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 አዲስ አበባ ደርሶ ወደ ነቀምቴ ዘለቀ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አስፋልት በአምቦና በጉደር ያልፋል።

ኦነሲሞስ በትርጉሙ እግዚአብሔርን የጠራው ዋቃዮ ብሎ ነው። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ያ ስም በሆራው ዳር፣ በመልካው፣ በኦዳው ሥር ሲጠራ የኖረ ስም ነው። ሊተወው፣ ከግዕዝ ወይም ከስዊድን ቃል ሊዋስ ይችል ነበር። እርሱ ግን ስሙን ይዞ፣ የስሙ ባለቤት በክርስቶስ ምን እንዳደረገ አስተማረ። ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንዱ የአገሩን ስም አንሥቶ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም አኖረ፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ቅዱሱን በአገሩ ስም ከፈተ። በኔ ግምት ይስሐቅ ያደረገውን ያደረገው ሁለተኛው ነው። ዛሬ በአምቦና በአካባቢዋ ከተሞች በሚገኙት የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ሰዎች በኦሮምኛ ሲጸልዩ በዚያው ስም ይጸልያሉ፤ ሀገረ ሕይወት የሚለውን ግን የሚያስታውሱት አዛውንቶች ናቸው።

ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጉደር አለ። ፏፏቴው በክረምት ሲሞላ ያስገመግማል፤ ወንዙ ወደ ሰሜን ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ስሙም በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ አገር አዳርሷል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ ነው። ወደ ጌዶ አቅጣጫ የሜጫ ገዳ የተደነገገበት ኦዳ ቢሲል ይገኛል፤ ከመንገዱ ራቅ ስለሚል የሚሄድበት ጎብኚ ጥቂት ነው።

ወንጪና የሰንደርላንዱ መነኩሴ

የወንጪ ሐይቅ በአስተዳደር የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ነው፤ ከአምቦና ከወሊሶ መካከል ግን ሁለቱም የእኔ ይሉታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የእሳተ ገሞራው ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ሐይቁን፣ ደሴቱንና በደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያያል። ከሐይቁ ወዲያ ባለው ሸለቆ ፍል ውሃ፣ ማዕድን ያለው ምንጭና በውሃ የሚዞር ወፍጮ አለ። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ጠበልም ሆራም አለ፤ ለአንዳንዱም ሰው ሁለቱ አንድ ምንጭ ናቸው።

ወንጌላዊው አገልጋይ እዚህ ሲደርስ የሚጨነቅበት ጥያቄ አዲስ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ በባሕር ዳርቻ ባለችው በሰንደርላንድ፣ ሞንክዌርማውዝ በሚባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ674 የተመሠረተው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ግንብ በከፊል አሁንም ቆሟል፤ ጎብኚዎችም ያዩታል። በዚያ ገዳም በሰባት ዓመቱ የገባው ቢድ እ.ኤ.አ. በ731 በጨረሰው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ውስጥ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ601 የጻፋቸውን ሁለት ደብዳቤዎች አስቀምጦልናል። በአንዱ ንጉሡ ኤቴልበርት የጣዖት ቤቶችን እንዲያፈርስ ይመክራል። በሌላው፣ ለሜሊቱስ በላከው፣ ጣዖታቱ ይወገዱ፣ ቤቶቹ ግን ይቆዩና ለእውነተኛው አምላክ ይዋሉ ይላል፤ ሰዎቹ በለመዱት ስፍራ ቢሰበሰቡ ልባቸው ቶሎ ይመለሳል ብሎ ያስባል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ምክር። የሚስዮን ታሪክ ከዚያ ጀምሮ በሁለቱ መካከል ሲወዛወዝ ኖሯል፤ የእኛም የጉባኤ ክርክር እንደዚያው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም አንድ ዓይነት መልስ ብቻ አይሰጡም። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የናስ እባብ ሰዎች ዕጣን ሲያጥኑለት ሕዝቅያስ ሰባበረው (2 ነገሥት 18፥4)። ኤልሳዕ ግን የኢያሪኮን ክፉ ምንጭ አልደፈነውም፤ ፈወሰው (2 ነገሥት 2፥19–22)። ምንጮችን የመድፈን ነገር በዚያው መጽሐፍ ሲነሣ በሞዓብ ላይ በተደረገ ጦርነት መካከል ነው (3፥25)። እንግዲህ የሚሰበረው ሰው የሚሰግድለት ዕቃ ነው፤ ምንጩ አይደለም። ምንጩን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ የሆራው ከብትም የጠርሙሱ ጠጪም በእርሱ ስጦታ ይኖራሉ።

ስለ ኢሬቻም ቢሆን ይኸው ነው። «ምስጋና ብቻ ነው» የሚለው ወንድም እና «አምልኮ ነው» የሚለው ወንድም ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከሩቅ ይከራከራሉ። በውሃው ዳር የሚባለው ምንድን ነው? ለማን ነው የሚባለው? እርጥቡ ሣር ምን ማለት ነው? እነዚህን ከሽማግሌዎች አፍ ሳይሰሙ የሚወሰን የጉባኤ ውሳኔ፣ ይፍቀድም ይከልክልም፣ ሥሩ ጥልቅ አይሆንም። ጳውሎስ በአቴና መናገር ከመጀመሩ በፊት የአምልኮ ስፍራዎቻቸውን እየተመለከተ ዞሯል (ሥራ 17፥23)፤ መሠዊያው ላይ የተጻፈውንም አንብቧል።

ወንጪ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በዓለም ፊት ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 «ገበታ ለሀገር» ከተባለው ፕሮጀክት ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል አስገባው፤ በኋላም ሎጅ ተከፈተበት። ከዚህ በፊት ጎብኚውን በፈረስ ወደ ታች ያወርዱ፣ በጀልባ ያሻግሩ የነበሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ የቤተ ክርስቲያን ጉዞ ምሳውን ጭኖ፣ ውሃውን ጭኖ፣ ጄኔሬተሩን ጭኖ ሄዶ ሲመለስ ለሸለቆው የሚተወው ድምፅና ፌስታል ነው። ፈረስ የተከራየ፣ እንጀራ ከነዋሪው የገዛ፣ በዚያ አካባቢ ካለችው አጥቢያ ጋር አብሮ ያመለከ ቡድን ግን ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው። የጉዞ ኮሚቴዎች ይህን በበጀታቸው ቢያስገቡት ከባድ አይደለም።

ሴሚናሪያኖችም የሚሠሩት አለ። ከጀልዱ፣ ከግንደበረት፣ ከጥቁር እንጭኒ፣ ከደንዲና ከቶኬ ኩታዬ የሚመጡ ተማሪዎች አሉን። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው እያንዳንዳቸው በአጥቢያቸው ዙሪያ ያሉትን ምንጮች፣ የእያንዳንዱን የቀድሞና የአሁን ስም፣ ማን ከብት እንደሚያጠጣበት፣ ማን እንደሚጠመቅበት፣ የመጀመሪያዎቹ አማኞች ሲጠመቁ ወደ የትኛው ውሃ እንደ ወረዱ ከአዛውንት ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ ከአዲስ ዓለም እስከ ጌዶ የሚዘልቅ የአንድ አገር የወንጌል ታሪክ በእጃችን ይገባል። ከነዚያ አዛውንቶች ብዙዎቹ ከ80 ዓመት በላይ ናቸው፤ ሥራው በመጪው ክረምት ቢጀመር ይሻላል።